የኋላ ኩሽኔታና ኦይል ሲል ግቢ ውስጥ መቀየር፦ ለለገጣፎው ወንድሜ

ጥያቄህን ላላየው ሰው ባጭሩ ልድገመው። የ1994 ሞዴል ቶዮታ ሃይሉክስ አለህ፣ የምትኖረው ለገጣፎ ነው። ፍጥነትህ ከ40 ሲያልፍ ከኋላ በግራ በኩል «ኡኡኡ» የሚል ድምፅ ይመጣል። በዚያው በኩል ቸርኬው በዘይት ርሷል። በ6 ወር ውስጥ ኦይል ሲሉ (ዘይቱን የሚያግደው ላስቲክ) 2 ጊዜ ተቀይሮ አሁንም ያፈስሳል። ጋራዡ «3 ቀን ትተህልን ሂድ» አለህ። አንተ ደግሞ ግቢ አለኝ፣ ክሪክ አለኝ፣ ቁልፍ አለኝ፣ ለምን ራሴ አልሠራውም ብለሃል። አንዱን ጎን ልቀይር ወይስ ሁለቱንም? እስከዚያስ ደብረ ብርሃን ደርሼ ልመለስ? ይኸው ነው ጥያቄህ።

ከመጨረሻው ልጀምርልህ። ደብረ ብርሃን አትሂድ። ሰንዳፋም አትድረስ። ላስፈራራህ ብዬ አይደለም። የአንተ መኪና ጎማ የታሰረው በቀጥታ አክስሉ፣ ማለትም ጎማውን የሚያሽከረክረው የብረት ዘንግ ጫፍ ላይ ነው፤ አክስሉን ከውጪ በኩል የያዘው ደግሞ ያ የሚጮኸው ኩሽኔታ፣ ውስጡ ኳሶች ያሉት የብረት ቀለበት፣ ብቻ ነው። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው እሱ ነው፣ ስትታጠፍ ጎማው ወደ ውጪ እንዳይሸሽ የሚይዘውም እሱ ነው። ኩሽኔታው ወይም ከኋላው የሚያጠብቀው ቀለበት የለቀቀ ቀን ጎማ፣ ታምቡር (የፍሬኑ ከበሮ) እና አክስል ተያይዘው ይወጣሉ። የራሱ ጎማ ሲቀድመው ያየ ሾፌር አውቃለሁ። እሱ በሕይወት አለ፣ ዛሬ ሲያወራው ይስቃል፤ ያን ቀን ግን አልሳቀም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በል። አይሱዙ ኤንፒአር ወይም ላንድክሩዘር 79 ፒክአፕ ላይ የሠራ ጓደኛ ካለህ «ቀላል ነው፣ ጫፉ ላይ ያሉትን ብሎኖች ፈትተህ አክስሉን መዘዝ ነው፣ ጎማውም አይወርድም» ሊልህ ይችላል። አልዋሸም፣ ግን ስለ ሌላ ዓይነት አክስል ነው የሚያወራው። እነዚያ ላይ ክብደቱን የሚሸከሙት አክስሉ የሚያልፍበት ቱቦ ጫፍ ላይ የተቀመጡ 2 ሾጣጣ ኩሽኔታዎች ናቸው፣ አክስሉ ሥራው ማሽከርከር ብቻ ነው። ያንተ እንደዚያ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ኦይል ሲሉ 2 ጊዜ ተቀይሮ ካፈሰሰ ጥፋቱ የኦይል ሲሉ አይደለም። ኦይል ሲል ማለት ከንፈር ያለው ላስቲክ ነው፤ ከንፈሩን በትንሽ ስፕሪንግ አክስሉ ላይ ጥብቅ አድርጎ ዘይቱን ያግዳል። አክስሉ መሀሉን ይዞ እስከዞረ ድረስ ዓመታት ይቆያል። ኩሽኔታው ሲበላ ግን አክስሉ ወደ ላይና ወደ ታች መወዛወዝ ይጀምራል፣ ላስቲኩ ያንን ውዝዋዜ ሊከተል አይችልም። አዲስ ብታስገባም ከጥቂት ወር በኋላ ያው ነው። የቀየሩልህ ሰዎች በሽታውን ትተው ላቡን ነው የጠረጉልህ። ስለዚህ ከመፍታትህ በፊት «ኦይል ሲሉን ምን ገደለው?» ብለህ ጠይቅ። ኩሽኔታው ሊሆን ይችላል። አክስሉ ላይ ከንፈሩ የሚያርፍበት ቦታ ተቦርቡሮ ሊሆን ይችላል። ሲገባ ተቀዶ ሊሆን ይችላል። ወይም ማንም የማያየው መተንፈሻ ተደፍኗል።

መጀመሪያ የሚያፈስሰው ምን እንደሆነ አረጋግጥ። በጣትህ ንካና አሽትተው። የዲፈረንሻል (የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው የጥርስ ሳጥን) ዘይት ወፍራም ነው፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል የድኝ ሽታ አለው፣ አንዴ ያሸተተው ሰው አይስተውም። ቀጭን፣ ቀለሙ ነጣ ያለና ያን ሽታ የሌለው ከሆነ የፍሬን ዘይት ነው። ያኔ የተበላሸው የፍሬን ሲሊንደሩ ጎሚኒ ነው፣ ሥራህም ሌላ ሥራ ነው። ይህን ሳያጣሩ አክስል መዝዘው የተመለሱ ሰዎች አሉ።

ድምፁንም ለይ። ሰው በሌለበት ቀጥ ያለ አስፋልት ላይ በ50 ገደማ እየሄድክ መሪውን በቀስታ ወደ ቀኝ አዘንብል። ክብደቱ ወደ ግራ ይተኛል፤ ድምፁ ከጨመረ ግራው ነው። ወደ ግራ ስታዘነብል ከቀነሰ ደግሞ ይበልጥ እርግጠኛ ሁን። ነዳጅ ስትረግጥና ስትለቅ ብቻ የሚለዋወጥ ድምፅ ከሆነ ግን ጥርጣሬህ ወደ ዲፈረንሻሉ ጥርሶች ይሂድ። ጥርሱ ትልልቅ የሆነ የጭቃ ጎማም ልክ እንደ ኩሽኔታ ያጉራራል፣ መንገዱ ሲቀየር ድምፁ ከተቀየረ ጎማው ነው። ከዚያ የኋላውን አንሣና ጎማውን በእጅህ እያሽከረከርክ ሌላው እጅህን ባሌስትራው ላይ አሳርፍ። የተበላ ኩሽኔታ ባሌስትራው ላይ ድረስ ይንቀጠቀጣል፣ ጆሮህ ያልሰማውን እጅህ ይሰማዋል። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቀው። ቀቅ ካለ አበቃ።

መተንፈሻው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ከአክስሉ ቱቦ አናት ላይ አውራ ጣት የማታክል ቆብ ያላት ነገር አለች። ዲፈረንሻሉ ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ይሰፋል፣ የሚወጣው በእሷ ነው። እሷ በጭቃ ከተደፈነች አየሩ መውጫ ፍለጋ ዘይቱን በኦይል ሲሉ በኩል ይገፋዋል። እኛ አገር ላይ ደግሞ ከፍታው ይጨመርበታል። አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ነው፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። ጭነህ ከአዳማ ስትወጣ አክስሉ ይግላል፣ የውጪው የአየር ግፊት ደግሞ ይቀንሳል፤ ሁለቱም ዘይቱን ወደ ውጪ ነው የሚገፉት። ደብረ ብርሃንም ያው ዳገት ነው። ክረምት ላይ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ የጋለ አክስል ጎርፍ ውስጥ ሲገባ በአንዴ ይቀዘቅዝና ውሃ በኦይል ሲሉ በኩል ወደ ውስጥ ይስባል። ዘይቱ ወተት የመሰለበት መኪና ካየህ ታሪኩ ይህ ነው። አንድ ሚኒባስ ላይ እኔ ራሴ 3 ጊዜ ኦይል ሲል ቀይሬ፣ ባለቤቱ ሊያባርረኝ ሲል ነው መተንፈሻዋን ያየኋት። እንደ ሲሚንቶ የደረቀ ጭቃ ሞልቷታል። በናፍጣ አጥቤ ነፍቼ መለስኳት፣ አለቀ። ስለዚህ አንተም ከሁሉ አስቀድመህ እሷን ፍታ፣ እጠብ፣ ቆቧ ወደ ላይ ብድግ ዝቅ ማለቷን እይ።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ አዎ፣ ግቢህ ውስጥ መሥራት ትችላለህ። ግን ግማሹን ነው። ማውረዱ፣ ማጽዳቱ፣ ኦይል ሲሉን ማስገባቱ፣ መግጠሙ ያንተ ነው። የድሮውን ኩሽኔታ ከአክስሉ ማውጣትና አዲሱን መጫን የቶርኖ ቤት (የብረት መላጫ ቤት) ነው፣ ፕሬስ፣ ማለትም በኃይል የሚገፋ መጫኛ ያስፈልገዋል። በመዶሻ እችላለሁ እንዳትል። በመዶሻ የገባ ኩሽኔታ ገና ሳይሠራ ኳሶቹ ቀለበቱ ላይ ነጠብጣብ ያትማሉ፣ በ2 ሳምንት ውስጥ ያው ኡኡታ ይመለሳል። ለዚህ ነው እሁድ ጠዋት አትጀምር የምልህ። እሁድ ቶርኖ ቤቱ ዝግ ነው፣ መኪናህ አክስል የሌለው ሆኖ ግቢ ውስጥ ያድራል። በሥራ ቀን ወይም ቅዳሜ በማለዳ ጀምር። ክረምት ከሆነ ደግሞ ከሰዓት በኋላ የሚመጣውን ዝናብ አስብበት፣ የተከፈተ ቱቦ ውስጥ ውሃ እንዲገባ አትፈልግም።

ዕቃውን ከመፍታትህ በፊት ግዛ። ሶማሌ ተራ፣ የመኪና መለዋወጫ ገበያው ስትሄድ የሻንሲ ቁጥርህን ይዘህ ሂድ፤ ሃይሉክስ ሁሉ አንድ አይደለም። ለአንድ ጎን የሚያስፈልግህ ኩሽኔታው፣ የውስጥ ኦይል ሲሉ፣ ካለው የውጪውም፣ ኩሽኔታውን የሚያጠብቀው ቀለበት፣ እሱን የሚቆልፈው ስናፕ ሪንግ (አፉ ክፍት የሆነ ቀጭን ቀለበት)፣ ከቱቦው ጋር የሚገናኝበት ኦሪንግ (የላስቲክ ቀለበት) ወይም ወረቀት ነው። ቀለበቱን «የድሮውን እመልሳለሁ» ብለህ እንዳትቆጥብ። አንድ ጊዜ ተጭኖ የወጣ ቀለበት መያዝ አቅቶታል ማለት ነው፣ ጎማህን የያዘው ደግሞ እሱ ነው። የፍሬን ሸራ ለሁለቱም ጎን ግዛ። ዶት 3 የፍሬን ዘይት፣ እና 80 ደብልዩ 90 ጂኤል 5 የዲፈረንሻል ዘይት 3 ሊትር ግዛ፣ የሚገባው 2 ሊትር ገደማ ነው ግን መድፋት አይቀርም።

ኩሽኔታ ላይ አትከራከር፣ ጥሩውን ግዛ። ካርቶኑ ላይ ያለው ስም ዋስትና አይደለም፤ የታወቁት የጃፓን ስሞች ሁሉ በአስመሳይ ካርቶን ይሸጣሉ። ቀለበቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እይ፣ ፊደሉ ጥርት ያለና እኩል መሆን አለበት፣ በጣትህ ስትፈትገው የሚለቅ ከሆነ ቀለም ነው። አሽከርክረው፤ ድምፅ ሳያሰማ ቀስ ብሎ መቆም አለበት። ዋጋው ከሌላው ሱቅ በግማሽ ከረከሰ ደግሞ ለምን እንደረከሰ ታውቃለህ።

አሁን ማንሣቱ። እዚህ ላይ ቁጣ ይኖረኛል፣ ይቅርታ። ከከተማ ወጣ ስንል ሁላችንም ጋ ግንባታ አለ፣ ብሎኬት አለ። መኪና ብሎኬት ላይ አታቁም! ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው፣ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈረካከሰው። እኔ ልጅ መካኒክ ሆኜ ሰነጠቀብኝ፣ እግሬን ያወጣሁት ካቻቢቴ ልወስድ ዘወር ስላልኩ ብቻ ነው። የብረት መቆሚያ ተዋስ፣ ካጣህ ወፍራም የባህር ዛፍ ግንድ ቆርጠህ በደንብ ጠፍጥፈህ ተጠቀም። እኔ ያለሁት ቱሉ ዲምቱ ነው፣ ግቢዬ ጥቁር አፈር ነው፣ ክሪክ ይውጣል። ያንተም እንደዚያ ከሆነ ከክሪኩም ከመቆሚያውም ሥር ሰፊ ጣውላ አንጥፍ። ታምቡሩ እንዲወጣ የእጅ ፍሬኑን ትለቃለህ፣ የኋላው ደግሞ አየር ላይ ነው፤ መኪናውን የያዘው የፊት ጎማ ብቻ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ቆልፍ። የጎማ ዳዶዎቹን መሬት ላይ እያለ አላላ፣ ከዚያ አንሣ።

ዘይቱን ስታወርድ መጀመሪያ የላይኛውን፣ የመሙያውን ብሎን ፍታ። የታችኛውን ከፍተህ ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ የላይኛው እምቢ ቢልህ መኪናህ ያለ ዘይት ቀረ ማለት ነው። የወጣውን ዘይት ነጭ ነገር ላይ አድርገህ እየው። ትንሽ የብረት ብናኝ ያለ ነው። በጣትህ የምትይዘው ቅንጣት ካለ ግን ዲፈረንሻሉም ይታይ። የተቃጠለውን ዘይት ወንዝ አትድፋው፣ ለአጥር እንጨት ምስጥ መከላከያ የሚፈልግ ጎረቤት አታጣም።

ታምቡሩ ተጣብቆ እምቢ ካለ ፊቱ ላይ 2 ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች አሉ። 8 ሚሊ ብሎን አስገባባቸውና እኩል እኩል አጥብቅ፣ ራሱ እየተገፋ ይወጣል። ጠርዙን በመዶሻ አትምታው፣ ቀልጦ የተሠራ ብረት ነው፣ ይሰነጠቃል። ውስጡ ያለውን ብናኝ በኮምፕሬሰር አትንፋው፣ የድሮ ሸራ ከሆነ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። በውሃ አርጥበህ ጥረገው። በዘይት የራሰ ሸራ በቤንዚን አጥበው፣ በእሳት አቃጥለው የሚመልሱ አሉ። ለቀን ይሠራል። ሲሞቅ ውስጡ የጠጣው ዘይት ይወጣና በዝናብ ላይ ፍሬን ስትይዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትትሃል።

ፍሬኑን ከመበተንህ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሣ። ስፕሪንጎቹ የትኛው የት እንደነበር ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ አታስታውሰውም። ከዚያ የፍሬን ዘይት ቱቦውን ከኋላ ፍታ፤ ልክ የሚሆን ቁልፍ ተጠቀም፣ ያቺ ዳዶ ለስላሳ ናት፣ በፒንሳ ከነካካሃት ትክባለች። ቀደም ብለህ ኮፈኑን ከፍተህ የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ላይ ላስቲክ ዘርግተህ ክዳኑን ብትዘጋበት የሚንጠባጠበው ይቀንስልሃል። የእጅ ፍሬኑን ገመድ አላቅቅ። ከሸራው ጀርባ ያለውን ሳህን ከአክስል ቱቦው ጋር የያዙት 4 ዳዶዎች ናቸው፤ ከወዲያ በኩል ፍታቸው። አሁን አክስሉ ከነሳህኑ፣ ከነኩሽኔታው ተያይዞ ይወጣል። እምቢ ካለህ ታምቡሩን ገልብጠህ በዳዶ ላላ አድርገህ እሰረውና ወደ ራስህ በኃይል ጎትተህ አስመታው። ሁለት ሦስት ጊዜ ስታደርገው ይለቃል። ሲወጣ ከባድ ነው፣ ሰው ይኑርህ።

አክስሉ እንደወጣ ኦይል ሲሉ የሚያርፍበትን ቦታ ጠርገህ ጥፍርህን በቁመቱ ሂድበት። ጥፍርህ ከያዘ ተቦርቡሯል፣ ሁለት ጊዜ ያፈሰሰብህም ለዚህ ሊሆን ይችላል። ቦይው ጥልቅ ካልሆነ አዲሱን ኦይል ሲል አንድ ሚሊ ያህል ከድሮው ቦታ ፈቀቅ አድርጎ ማስገባት ይቻላል፣ ከንፈሩ ባልተበላ ቦታ ላይ ያርፋል። ጥልቅ ከሆነ ሌላ አክስል ፈልግ። ቶርኖ ቤት «በብየዳ ሞልተን እንላጥልህ» ሊሉህ ይችላሉ። ሥራው ሲታይ ያምራል። ግን አክስል ሙቀት ተለክቶ የጠነከረ ብረት ነው፣ ብየዳ ያን ጥንካሬ ይሰርቅና ከዚያው ቦታ ይሰበራል። ሌላ ዕቃ ላይ እሺ በል፣ እዚህ ላይ እምቢ በል።

ቶርኖ ቤት ስትሄድ አብረህ ቁም። ሰውየውን ለመጠራጠር አይደለም፣ ሁለት ነገር ለማየት ነው። አንደኛ፣ የድሮውን ቀለበት በግራይንደር ሲቆርጡ እስከ አክስሉ ድረስ መውረድ የለባቸውም። አብዛኛውን ቆርጠው የቀረውን በመሮ መሰንጠቅ ነው። ግራይንደሩ አክስሉን ከነካው ጭረቱ አንድም ዘይት ያሳልፋል፣ አንድም መሰበሪያ ይሆናል። በእሳት ማጋልም የለም። ሁለተኛ፣ አዲሱ ሲጫን ፕሬሱ መግፋት ያለበት የኩሽኔታውን የውስጥ ቀለበት ነው። የውጪውን ገፍተው ካስገቡት ኃይሉ በሙሉ በኳሶቹ በኩል ያልፋል፣ ገና ሳይሽከረከር ተበላሸ ማለት ነው። ይህን አንድ ጊዜ ሳላይ አሠርቼ በራሴ ገንዘብ ደግሜ ገዝቻለሁ።

ደግሞ ቅደም ተከተሉን አንተው ያዝ። መጀመሪያ ሳህኑና የኩሽኔታው ቤት፣ የውጪ ኦይል ሲል ካለም ከእነሱ ጋር፣ ከዚያ ኩሽኔታው፣ ከዚያ ቀለበቱ፣ መጨረሻ ስናፕ ሪንጉ። አንዱ ከተረሳ አዲሱን ቀለበት ሰባብሮ እንደገና መጀመር ነው። ቀለበቱ ሲገባ ፕሬሱ ሲያቃስት መስማት አለብህ። በቀላሉ ሸርተት ብሎ ከገባ አቁማቸው፤ ወይ ቀለበቱ ያንተ አይደለም ወይ አክስሉ ቀጥኗል፣ በዚያ መኪና ሰው አይጫንም። ኩሽኔታው ክፍት ዓይነት ከሆነ ከመጫኑ በፊት ጥሩ ግራሶ በጣትህ እያስገባህ ሙላው።

ቤት ስትመለስ የድሮውን ኦይል ሲል ከቱቦው አውጣ፤ ስታወጣ ግን ቱቦውን አትጫር፣ ምን ያህል ጠልቆ እንደነበርም ለካ። ቱቦውን በጨርቅ ጥረግ። አዲሱ የሚገባው ስፕሪንጉ ያለበት ፊት ወደ ዘይቱ፣ ማለትም ወደ ውስጥ ሆኖ ነው። ከውጪ ጠርዙ ጋር እኩል የሆነ ቁራጭ ቱቦ ወይም ትልቅ የብረት ቡሽ አስደግፈህ በቀስታ፣ ሳታዘነብል አስገባ። ከንፈሩን ግራሶ ቀባ። ሲልከን ከንፈሩ ላይ የሚያደርጉ አሉ፣ እባክህ አታድርግ።

አብዛኛው አዲስ ኦይል ሲል የሚሞተው ግን ቀጥሎ ባለው ደቂቃ ነው። አክስሉን ስትመልስ ጫፉ ላይ እንደ ምላጭ የሰሉ ጥርሶች አሉ። ክብደቱን ለቀህ እየጎተትክ ካስገባኸው ጥርሶቹ ከንፈሩን ይቀዱታል፣ አንተም አታየውም። ያንተም ሁለተኛው ኦይል ሲል እንደዚህ ሆኖ ከሆነ አይገርመኝም። ሁለት ሰው ሁኑ። አንዱ ከውጪ ይሸከም፣ አንዱ እጁን ከሥር አድርጎ መሀል ለመሀል ይምራው። ጥርሱ ዲፈረንሻሉ ውስጥ ሲደርስ ትንሽ አሽከርክረው፣ ራሱ ይገባል። በግድ አትምታው። አዲሱን ኦሪንግ አትርሳ። 4ቱን ዳዶዎች በመስቀል እያቀያየርክ አጥብቅ፣ የማጥበቂያ ልኩን ከመኪናህ ማኑዋል ተመልከት።

ፍሬኑን ገጥመህ ስትጨርስ አየር ማስወጣት አለ። የሚረግጥልህ ሰው አስቀምጥ፤ ይርገጥ፣ ይያዝ፣ አንተ ክፈት፣ ዝጋ፣ ከዚያ ይልቀቅ። ከሩቁ ጀምር፣ የቀኝ ኋላው ነው። ሃይሉክስ ላይ ከኋላ አክስሉ በላይ ሻንሲው ላይ ጭነት እየለካች የኋላ ፍሬኑን የምታመጣጥን ቫልቭ አለች፣ የራሷ አየር ማውጫ አላት። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ሆኖ እምቢ ካለህ እሷን ረስተሃል። ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ደጋግመህ ሳብ፣ ሸራው ራሱ ይጠጋል። ዲፈረንሻሉን መኪናው ለጥ ብሎ ቆሞ ከመሙያው ቀዳዳ አፍ እስኪደርስ ሙላ፤ ዘንበል ብሎ ከሞላህ ትርፉ ነገ በኦይል ሲሉ ይወጣል።

አንዱን ወይስ ሁለቱን ላልከው፣ በአንድ ቀን ሁለቱን አትፍታ። ቀኙ ሳይበተን ይቆይልህ፣ የግራው ፍሬን ስፕሪንግ ሲጠፋብህ ሄደህ የምታየው እሱን ነው። ሸራውን ለሁለቱም ስለምትቀይር የቀኙ ታምቡር መከፈቱ አይቀርም። ደረቅ ከሆነ፣ ሲሽከረከርም ዝም ካለ፣ ተወው። እርጥበት ካየህ በሚቀጥለው ሳምንት እሱንም። ዕድሜያቸው አንድ ነው፣ ግን ደህናውን ኩሽኔታ በግምት ነቅሎ መጣል ገንዘብ መጣል ነው።

ስትጨርስ መጀመሪያ ሰፈር ውስጥ በቀስታ ዙር። ተመልሰህ ቸርኬውን ከውስጥ በኩል እይ፣ ዳዶዎቹን ደግመህ አጥብቅ። ሌላ 20 ኪሎ ሜትር ሂድ፣ እንደገና እይ። በነጋታው ጠዋት መሬቱ ደረቅ ከሆነ ደብረ ብርሃንህን ሂድ። ሸኖ ላይ ቅቤ ልትገዛ መቆምህ አይቀርም፤ እዚያው የእጅህን ጀርባ ወደ ግራው ታምቡር አስጠጋ፣ ቀጥለህ ወደ ቀኙ። ሁለቱም እኩል ከሞቁ መንገድህን ቀጥል። ግራው ብቻ ከጋለ ሸራው ተጣብቋል ወይም ኩሽኔታው በደንብ አልተጫነም፣ ቅቤህን ያዝና ቀስ ብለህ ተመለስ፣ ከዚያ ጻፍልኝ።